የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ፦ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡሬተርና ፊዚክሱ በዶሎ ኦዶ

የበርኑሊን መርሕ በሰሌዳ ላይ ጽፈን በጨረስን ቁጥር ከተማሪዎቻችን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ሁሉ ቀመር ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ምላሽ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፕላንን ክንፍ በእጁ ዳስሶ የመረመረ ተማሪ ከቶ ስንት ይሆናል? በሞተር ብስክሌት ያልተሳፈረ ወይም ድምፁን ሰምቶ የማያውቅ ግን በዛሬይቱ ኢትዮጵያ በገጠርም ሆነ በከተማ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከነዳጅ ታንከሩ ሥር፣ ከሲሊንደሩ ኋላ ተሸጉጣ የምትገኘው ጡጫ የምታህል ዕቃ ካርቡሬተር ትባላለች። የፈሳሽና የአየር ፊዚክስ አብዛኛው ክፍል በውስጧ የሚታይባት ትንሽ ላቦራቶሪ ናት።

በዚህ ጽሑፍ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚቆሽሽና እንዴት እንደሚጸዳ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ሥፍራ ዶሎ ኦዶ ነው። ሙቀት፣ አቧራና ንጽሕናው ያልተጠበቀ ነዳጅ በአንድነት የሚገናኙበት፣ የአየሩም ክብደት ከደጋው እጅግ የሚለይበት ሥፍራ ስለሆነ፣ ካርቡሬተር በዚያ የሚገጥማት ፈተና ፊዚክሱን አጉልቶ ያሳየናል።

ዶሎ ኦዶ፦ ለሞተር የማትመች ከተማ

ዶሎ ኦዶ በሶማሌ ክልል በሊበን ዞን፣ ኢትዮጵያ ከሶማሊያና ከኬንያ ጋር በምትዋሰንበት ጥግ ትገኛለች። ከደጋው የሚወርዱት ገናሌና ዳዋ ወንዞች በዚሁ አካባቢ ተገናኝተው ጁባ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ይፈጥራሉ። ከወንዙ ማዶ በሶማሊያ በኩል ያለችው ከተማም ዶሎ ትባላለች። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ነገሌ ቦረናንና ፊልቱን አልፎ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 200 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ቆላ ይወርዳል። በዚያ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ከዚያም የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ መንገድ በታሪክም የሞተርና የበረሃ ትግል የታየበት ነው። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር በብዙ ተሽከርካሪ ታጅቦ ከዶሎ በመነሣት፣ በገናሌ ዶርያ ግንባር ከራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ጋር ተዋግቶ፣ ጥር 11 ቀን ነገሌን ያዘ። ከጥቂት ቀናት በፊትም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በአውሮፕላን ተደብድቧል። የመልካ ዲዳ ስም በዘመናችን እንደገና የተሰማው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ከሶማሊያ ለተሰደዱ ወገኖች በዶሎ ኦዶ አካባቢ ቦቆልማኞ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂላወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት ካምፖች ተቋቁመዋል።

መኪና በማይደርስበት ወይም በማይበቃበት እንዲህ ባለ ሥፍራ ሞተር ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የክትባት ሣጥን የሚያጓጉዘው፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ የውሃ ጀሪካን የሚያመላልሰው እርሱ ነው። በአውሮፓ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ያማሃ ወይም ሆንዳ በእሑድ ቀን ተወልውሎ ለትርኢት የሚቀርብ ቅርስ ሆኗል። በእኛ ቆላ ግን በተመሳሳይ ዕድሜ ያለ ሞተር ብስክሌት የባለቤቱ እንጀራ ነው። የዚህ ሁሉ አገልግሎት መሠረት ደግሞ ዲያሜትሯ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ አንዲት ቀዳዳ ክፍት ሆና መገኘቷ ነው።

ካርቡሬተር ምንድን ነው?

ቤንዚን በፈሳሽነቱ በሞተር ውስጥ በሚገባ አይነድም፤ የሚነደው ከአየር ጋር የተቀላቀለው እንፋሎቱ ነው። ለተሟላ ቃጠሎ 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። የካርቡሬተር ተግባር ይህን መጠን ጠብቆ ቤንዚኑን በደቃቅ ነጠብጣብ መልክ ከአየሩ ጋር ማዋሐድ ነው።

መቀላቀሉ እንዴት ይፈጸማል? አሠራሩን ለመረዳት የዝንብና የትንኝ መድኃኒት የምንረጭበትን ፍሊት ማስታወስ ይበቃል። ፓምፑን ስንገፋው አየሩ በቀጭኑ ቱቦ አፍ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ከጣሳው ውስጥ ያለው ፈሳሽም በቱቦው ወደ ላይ ተስቦ ይበተናል። ምክንያቱ ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መርሕ ነው፤ የሚፈስ ነገር ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ደግሞ ወገቡ በጠበበ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ በጠባቡ ሥፍራ ላይ የሚያሳየውን የግፊት መቀነስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1797 አሳወቀ። ነዳጅን በዚህ መንገድ የሚረጩ ካርቡሬተሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ1893 በጀርመን ቪልሄልም ማይባኽ፣ በሃንጋሪም ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ለዚህ ሥራ ስማቸው ይጠራል።

ቁጥሩን እናስላው። በካርቡሬተሯ ጠባብ ወገብ ላይ አየሩ በሰከንድ 60 ሜትር ይጓዛል እንበል። የዶሎ ኦዶ አየር እፍጋት በኩቢክ ሜትር 1.12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የእፍጋቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ወደ 2,000 ፓስካል ይመጣል። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት 2 በመቶ ብቻ ቢሆንም ቤንዚንን 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት ይበቃል። በካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ የሚነሣው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ከበቂ በላይ ነው።

ነዳጁን ማድቀቅ ለምን አስፈለገ? 1 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ቤንዚን አንድ ድብልብል ጠብታ ቢሆን የገጹ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዲያሜትራቸው 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ነጠብጣቦች ቢበተን ግን ወደ 1.9 ሚሊዮን ነጠብጣብ ይሆናል፤ ጠቅላላ የገጽ ስፋታቸውም 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ትነት የሚካሄደው በገጽ ላይ ነውና ቤንዚኑ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ገጽ ከ120 እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው።

የካርቡሬተር ዋና ዋና ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ከታች ነዳጅ የሚጠራቀምባት ትንሽ ገንዳ አለች። በገንዳዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ነዳጁ ሲሞላ ከፍ ይልና በላዩ ያለችውን መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ነዳጁ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ከገንዳዋ ወደ ላይ ነዳጅ የሚያሳልፉት ጄት የሚባሉ ከነሐስ የተሠሩ ቁራጮች ሲሆኑ በመካከላቸው በጥንቃቄ የተለካ ቀዳዳ አላቸው። ትልቁ ጄት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ ትንሹ ደግሞ ሞተሩ መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነዳጅ ይመግባሉ። የትልቁ ጄት ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የትንሹ ግን 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው የፍጥነት ደረጃ ነዳጁን የምትቆጣጠረው ጫፏ የሾለ ረጅም መርፌ ናት፤ ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ጋር አብራ ትወጣለች፣ ትወርዳለችም።

ከደጋ ወደ ቆላ፦ የአየር ክብደት ጉዳይ

ብዙ ባለሞተሮች «በአዲስ አበባ ደህና ይሠራ የነበረው ሞተር ቆላ ሲወርድ ለምን ይግላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የአየር ግፊት በአዲስ አበባ 77 ኪሎ ፓስካል፣ 1,475 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ነገሌ ቦረና 85፣ በዶሎ ኦዶ ደግሞ 99 ገደማ ነው። የየሥፍራውን ሙቀት አስገብተን በጋዞች ሕግ ብናሰላ የአየሩ እፍጋት በቅደም ተከተል በኩቢክ ሜትር 0.92፣ 1.00 እና 1.12 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ 1 ሊትር ቤንዚን በትክክል ለማቃጠል በአዲስ አበባ 11.8 ኩቢክ ሜትር ያህል አየር ሲያስፈልግ በዶሎ ኦዶ 9.7 ይበቃል።

ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር ይዘት በሁለቱም ሥፍራ አንድ ነው። በመሆኑም በዶሎ ኦዶ የሚገባው የአየር ክብደት በ22 በመቶ ይጨምራል። በጄቱ በኩል የሚገባው ነዳጅም ይጨምራል፤ ነገር ግን የነዳጁ ፍሰት የሚከተለው የግፊቱን ልዩነት ካሬ ሥር ስለሆነ ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ነው። ውጤቱ ምንድን ነው? በአዲስ አበባ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር እንዲሰጥ የተስተካከለ ካርቡሬተር በዶሎ ኦዶ 16.2 ያህል ይሰጣል። ድብልቁ ሣሥቷል ማለት ነው። የሣሣ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሚገባበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጁ ሲቀንስ ማለስለሻውም አብሮ ስለሚቀንስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር እስከ መጣበቅ ይደርሳል።

እንግዲህ እንዲህ በሣሣ ድብልቅ ላይ የቆሻሻ መዘጋት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ አቧራ ነው። አሸዋማው አፈር በአየር ማጣሪያው ስንጥቅና በታንከሩ ክዳን በኩል ይገባል። ሁለተኛው ምንጭ የነዳጁ አያያዝ ነው። ከማደያ ርቀው ባሉ ከተሞች ቤንዚን በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን ይሸጣል። ጀሪካኑ ቀደም ሲል ውሃ ወይም የምግብ ዘይት የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ በፀሐይ የተቀመጠ ብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስም የቤንዚኑን መበላሸት ያፋጥነዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምንጭ ኬሚስትሪ ነው። ቤንዚን አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፤ የመፍላት ሙቀታቸውም ከ35 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይዘረጋል። በዶሎ ኦዶ ቀትር ላይ ቀላሎቹ ክፍሎች ቀድመው ይተናሉ፤ ከባዶቹ ይቀራሉ። ከቀሩት መካከል አንዳንዶቹ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው፣ እርስ በርስ እየተያያዙ ረጃጅም ሞለኪዩሎችን ይፈጥራሉ። ውጤቱ ሙጫ የሚመስል ቡናማ ነገር ነው። ባለ ሁለት ምት ከሆነ የተቀላቀለው ዘይትም ተጨምሮበት ይወፍራል። ሞተሩ ለሳምንታት ቆሞ በሰነበተ ቁጥር ገንዳዋ ትደርቅና አንድ ስስ ሽፋን ትተዋለች፤ በቀጣዩ ጊዜ ሌላ ሽፋን ይደረብበታል።

አራተኛው ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከገንዳዋ ሥር ይዘቅጣል፤ የጄቶቹ አፍ ያለውም በዚያው ሥር ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የተሰራጨው ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ዓይነት ነዳጅ ደግሞ እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው።

የሕመሙ ምልክቶች

ካርቡሬተርን ከመፍታት በፊት ሕመሙ በእርግጥ የእርሷ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ሞተሩ በቾክ ብቻ የሚነሣና ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሚኒሞ የማይዝ ከሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ከመፍጠን ይልቅ የሚታነቅ ከሆነ፣ ወይም ከገንዳዋ ነዳጅ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ካርቡሬተር ያመለክታል። ከሁሉ የበለጠው ምስክር ካንዴላው ነው። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል። በመጨረሻው ምልክት ላይ ቸል ያለ ባለሞተር ጥቂት ሳይቆይ የፒስተን ገዢ ይሆናል።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል

1. ሥፍራ መምረጥ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ውሃ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሥራው በገላጣ ሥፍራ ይከናወን፤ የሻይ ከሰል ምድጃና ሲጋራ በአካባቢው አይኑር። ነዳጅን በአፍ በቱቦ መሳብም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ወደ ሳንባ ያመለጠ ጥቂት ቤንዚን ሕይወት ያሳጣል።

2. ውጭውን ማጽዳት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የካርቡሬተሯን ውጫዊ አካል በብሩሽ ማጽዳት ይቀድማል። አለዚያ የውጭውን አሸዋ ወደ ውስጥ እንጨምራለን።

3. ገንዳዋን ወደ ብርጭቆ መድፋት። የነዳጁን ቧንቧ ዘግተን በገንዳዋ ያለውን ነዳጅ በንጹሕ ብርጭቆ እንቀበል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ውሃው ከሥር፣ ቤንዚኑ ከላይ ሆኖ በመካከላቸው መስመር ይታያል፤ አሸዋውም ይዘቅጣል። ይህች ብርጭቆ የምርመራ ውጤት ናት፤ ችግሩ ከታንከሩ የመጣ መሆን አለመሆኑን ትነግረናለች።

4. መፍታትና መመዝገብ። በነጭ ጨርቅ ላይ ዕቃዎቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል መደርደር፣ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም መልካም ነው። የአየር ማስተካከያው ብሎን ከመፈታቱ በፊት በቀስታ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ስንት ዙር እንደሆነ መቆጠርና መጻፍ አለበት። መለኪያውን ያልመዘገበ ተመራማሪ ሙከራውን ሊደግም እንደማይችል ሁሉ ይህን ያልቆጠረ መካኒክም ወደ ነበረበት ሊመልሰው አይችልም።

5. ተንሳፋፊውን መመርመር። ጆሯችን አጠገብ ስንነቀንቀው የፈሳሽ ድምፅ ከተሰማ ተበስቷል። ከነሐስ የተሠራ ከሆነ በሙቅ ውሃ ውስጥ ብንደፍቀው በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በቀዳዳዋ በኩል አረፋ ይወጣል። ነዳጅ የሚዘጋውን መርፌ ጫፍም እንመልከት፤ በወገቡ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ከታየ መርፌው ያለቀለት ነው።

6. መዘፍዘፍ። የብረት ክፍሎቹን በንጹሕ ቤንዚን ወይም በላምባ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይቻላል። የደረቀው ሙጫ ካልለቀቀ አንድ ሌሊት ይደር። ጎማና ጓርኒሲዮን ግን ለብቻቸው ይቀመጡ፤ በተለይ በቲነር ውስጥ ከገቡ ያብጣሉ።

7. ጄቶቹን ማጽዳት። ጄቱን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ይዘን ብናይ ክብ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት። ነጥቡ ከጎደለ ወይም ከጠመመ ቆሻሻ አለ።

8. በአየር መንፋት። በጎሚስታ ቤት ያለው የአየር መጭመቂያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ነዳጁ ከሚፈስበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ግፊቱን ቀንሶ፣ መነጽር አድርጎ መንፋት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ በአንድ በኩል የገባበት አየር በሌላ በኩል መውጣቱ በጣት ይፈተሽ።

9. መግጠም። የካርቡሬተሯ አካል ለስላሳ ቅይጥ ብረት፣ ጄቱም ነሐስ ነው። በካቻቢቴ ከልክ በላይ የጠበቀ ጄት ጥርሱ ያልቃል። እስኪቆም ድረስ በእጅ፣ ከዚያም በጥቂቱ ማጥበቅ ይበቃል።

ባደጉት አገሮች ያሉ ወርክሾፖች ለ6ኛውና ለ7ኛው ተራ አልትራሳውንድ ይጠቀማሉ። በሰከንድ ከ25,000 እስከ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ ደቃቃ አረፋዎችን ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ በቆሻሻው አጠገብ ሲፈነዱ ይፈረካክሱታል። መሣሪያው በሌለበት ሥፍራ ጊዜና ትዕግሥት ይተኩታል።

ሽቦ ለምን ይከለከላል?

በዶሎ ኦዶ፣ ከነገሌ የመጡ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአንድ አሮጌ ያማሃ ካርቡሬተር ሲያጸዱ ለረጅም ሰዓት ተመልክተናል። ባለቤቱ፣ በዚያ ሞተር ሰው እያመላለሰ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ወጣት፣ «ጋሼ፣ በሽቦ ወጋ አድርገው ቶሎ ስጡኝ» እያለ ይወተውታቸው ነበር። እርሳቸውም ከገመድ ላይ አንድ ቀጭን የቃጫ ክር መዘው በቤንዚን እያራሱ በጄቱ ውስጥ ያመላልሱ ጀመር። ምክንያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ የሰጡን ምላሽ አጭር ነበር። «ዶክተር፣ ሽቦ የነካው ጄት ዛሬ ይነሣል፤ ነገ ግን ጠጪ ይሆናል።»

ይህን አባባል በቁጥር መፈተሽ እንችላለን። የቀዳዳ ስፋት የሚለዋወጠው በዲያሜትሩ ካሬ ነው። 0.40 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በብረት ሽቦ ተፍቆ 0.44 ቢሆን ጭማሪው ለዓይን አይታይም፤ ስፋቱ ግን በ21 በመቶ ያድጋል። ሞተሩ ከዚያ ወዲያ በሚኒሞ ጊዜ አምስት ብርጭቆ ይበቃው የነበረውን ስድስት ይጠጣል። በተቃራኒው፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሙጫ የቀዳዳውን ግድግዳ ዙሪያውን ቢለብስ ዲያሜትሩ 0.30 ይሆንና ስፋቱ በ44 በመቶ ይቀንሳል። ከአንድ ጸጉር ውፍረት ያነሰ ሽፋን የነዳጁን ግማሽ ሊያስቀር ምንም ያህል አልቀረውም። ሽቦ ከነሐስ ይጠነክራል፤ ቃጫ ግን ከነሐስ ይለሰልሳል፣ ከሙጫውም ጋር ይታገላል። በመካኒኩ እጅ ያለው ይህ ዕውቀት በእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የቁሳቁስ ጥንካሬ ተብሎ የሚጠራው ነው። ወጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀ፤ ሞተሩም በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ።

ከጽዳት በኋላ

የጸዳች ካርቡሬተር ገና የተስተካከለች አይደለችም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የአየር ብሎኑን በሩብ ሩብ ዙር እያንቀሳቀስን ዙሩ ከፍ ብሎ ያለ መንገጫገጭ የሚረጋበትን ነጥብ እንፈልጋለን፤ ከዚያም ሚኒሞውን ዝቅ እናደርጋለን። ሞተሩ ከደጋ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቀደም ሲል ያሰላነውን 10 በመቶ መመለስ ያሻል። በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ረጅሟ መርፌ ከላይ በኩል ጥቂት ጎድጓዳ መስመሮች አሏት፤ በአንዱም ትንሽ ማያዣ ትገጠማለች። ማያዣዋን አንድ ደረጃ ወደ ታች ብናወርዳት መርፌዋ ከፍ ስለምትል ነዳጅ ይጨምራል። በሙሉ ኃይል ለሚደረግ ጉዞ ግን ትልቁን ጄት በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ መተካት ይመረጣል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሞተር የሚያስፈልገው የዚህ ግልባጭ ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሊንደር ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ ካርቡሬተሮቹ እኩል መሳባቸውም መለካት አለበት። ለዚህ የሚበቃው ጥቂት ዘይት ያለበት ግልጽ ቱቦ ነው። ሁለቱን ጫፎች ከሁለቱ መሳቢያዎች ጋር አገናኝተን ቱቦውን በረጅሙ ወደ ታች ብናንጠለጥለው፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ከተሳበ ያኛው ካርቡሬተር የበለጠ እየሳበ ነው። ይህ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የምናውቀው ማኖሜትር እንጂ ሌላ አይደለም። ልዩነቱ ከበዛ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ቶሎ ማጥፋት ነው።

በሽታን ከማከም መከላከል ይቀላል። ከጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ሳይናወጥ ቆይቶ ከላይ በኩል በንጹሕ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ተጣርቶ ይቀዳ። በታንከሩና በካርቡሬተሯ መካከል ርካሽ የወረቀት ማጣሪያ ይግባ። ከሁሉ በላይ፣ ሞተሩ ከሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የነዳጁ ቧንቧ ተዘግቶ ገንዳዋ እስክትደርቅ ሞተሩ ይሥራ። በገንዳዋ ነዳጅ ከሌለ የሚተን የለም፤ የሚተን ከሌለም ሙጫ የለም። ይህ ምክር ሳንቲም አያስወጣም።

ጥገና እንደ ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በ1988 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ የእርዳታ ገንዘብ የዋለበትን ለማየት ወደ ሶማሊያ ተጉዘው ነበር። በዚያ ያዩት ለሕዝብ ጤና ሥራ የመጡ ተሽከርካሪዎች በጥገና እጦት ቆመው ሲዝጉ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ከባሪ ባለቤት ከአንድሪያ ኮልማን ጋር ራይደርስ ፎር ኸልዝ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ሌሶቶን በመሳሰሉ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ሞተር ብስክሌት አያያዝ በማስተማርና ሞተሩ ሳይበላሽ በጊዜ ሰሌዳ በመጠገን ታውቋል። የሥራው መሠረት ቀላል እውነት ነው፤ የቆመ ሞተር መድኃኒት አያደርስም።

አንዳንድ አንባብያን «ካርቡሬተር ያለፈበት ነገር አይደለምን?» ሊሉ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ቦታውን ወስዷል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም እየመጡ ናቸው፤ አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። ሆኖም በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች በአንድ ጀንበር አይጠፉም። የካርቡሬተር ዘመን ቢያልፍም ከእርሷ የምንማረው አያልፍም። ምልክትን ማንበብ፣ ከመፍታት በፊት መመዝገብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱን መለካት፣ እነዚህ በላቦራቶሪም በጋራዥም ያው ናቸው። ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞና ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን እንዳደረግናቸው ሁሉ፣ ከቃላቱ በስተጀርባ ያለውንም ሳይንስ የራሳችን ማድረግ ይጠበቅብናል። ተማሪው ወደ ጋራዥ ጎራ ቢል፣ መካኒኩም ወደ መማሪያ ክፍል ቢጋበዝ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ

በአፋር ክልል የሚገኘው ዳሎል ከባህር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በትክክል የተስተካከለ ሞተር ብስክሌት ወደዚያ ቢወርድ፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪ ቢሆን፣ የድብልቁ መጠን ከ14.7 ወደ ስንት ይለወጣል? በዳሎል የአየሩ ግፊት 103 ኪሎ ፓስካል እንደሆነ ወስዳችሁ አስሉት። ከዚያም መልሱን ለዶሎ ኦዶ ካገኘነው 16.2 ጋር አነጻጽሩና ከፍታው በ300 ሜትር ያህል ቢለያይም ልዩነቱ ጥቂት የሆነው ለምን እንደሆነ በክፍላችሁ ተወያዩበት።